ካፒቴኑ ይቅርታ የጠየቀኝ ምሽት

ባለፈው ወር በአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪነት የምትሠለጥነው የወንድሜ ልጅ ቡና እየጠጣን ሳለ፣ «ጋሼ፣ ካፒቴኑ የደገመልኝን ቁጥር በደንብ ካልሰማሁት፣ እንደገና ይድገሙልኝ ብለው ይንቀኝ ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም «ይናቅሽ፤ ምን ቸገረሽ» ብዬ በቀልድ አለፍኩት። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ይህችኑ ጥያቄ በእሷ ዕድሜ ሳለሁ ለማንም ሳልጠይቅ ቀርቼ ያደረግኩትን አስታውሼ፣ ለእሷም ወደዚህ ሙያ ለምትገቡ ለሌሎቻችሁም ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ።

በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። የሙያ ፈቃድ ካገኘሁ ገና ስድስት ወር አልሞላኝም፤ በተራሮች መካከል ባለ አንድ አውሮፕላን ማረፊያ ታወር ውስጥ የማታ ተረኛ ነበርኩ። ወሩ ሐምሌ ስለነበር ደመናው ከኮረብታው ወርዶ ሜዳው ጫፍ ላይ ተኝቷል። ከታወሩ በታች የሚያድር አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ነበረን፤ ማዶ ያለችው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ካልታየችው «ዛሬ አያርፉም» ይለን ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከእኛ የአየር ሁኔታ ዘገባ የእሱ ትንበያ ይሻል ነበር። ራዳር የለንም። የእያንዳንዱን በረራ ሰዓትና ከፍታ በእርሳስ የምንጽፍበት፣ ስትሪፕ የምንለው ቁራጭ ወረቀት ዓይናችን ነበር። አብራሪውን በሦስት ዲግሪ ቁልቁለት እየመራ እስከ ሜዳው አፍ የሚያደርሰው አይ ኤል ኤስም አልተተከለልንም። በደመና ውስጥ የሚመጣ አብራሪ አቅጣጫውን ቪ ኦ አር ከተባለው የሬዲዮ ምልክት ጣቢያ ይወስዳል፤ ከፍታውን የሚነግረው ግን አልቲሜትሩ ብቻ ነው። አልቲሜትር ደግሞ የአየሩን ግፊት ወደ ጫማ የሚመነዝር ባሮሜትር ነው፤ የሰዓቱን ግፊት፣ ኪው ኤን ኤች የምንለውን ቁጥር፣ አስተካክሎ ካልሞላለት ምንዛሪው ይዛባል። አንዲት ሄክቶፓስካል፣ በዚያን ጊዜ ሚሊባር እንላት ነበር፣ 28 ጫማ ያህል ታሳስታለች።

የዚያ ምሽት ቁጥር 1025 ነበር። ዓለም አቀፉ ደንብ አምስትን «ፋይፍ»፣ ዘጠኝን «ናይነር» በሉ የሚለው በሚንጫጫ ሬዲዮ «ፋይቭ» እና «ናይን» ስለሚመሳሰሉ መሆኑን ተምሬያለሁ። ነገር ግን በእኛ ዘንድ እንደዚያ የሚል ሰው እንግሊዝኛ እንደማያውቅ ተቆጥሮ መሳቂያ ይሆን ስለነበር፣ እኔም አሳምሬ «ፋይቭ» አልኩ። ካፒቴኑ በትክክል መስማቱን እንዳረጋግጥ ቁጥሩን በዝናቡ ጩኸት መካከል መልሶ ሲደግምልኝ፣ ጆሮዬ በመጨረሻው «ናይን»፣ ማለትም 1029፣ የሰማ መሰለው። ልቤ ግን «ይህን የመሰለ አንጋፋ ሰው አይሳሳትም» አለኝ፤ በዚያው ቅጽበት ስልኩ ጮኸ፤ እርሳሴም ስትሪፑ ላይ «ተረጋግጧል» የሚለውን ምልክት አደረገች። ያቺን ምልክት እስከ ዛሬ ዓይኔን ስጨፍን አያታለሁ፤ ጫፏ ትንሽ ተሰብሮ ነበር።

ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ «ጎ አራውንድ» የሚል አጭር ድምፅ መጣ፤ ማረፉን ትቶ ተመልሶ ወጣ። ሁለተኛ ሲመለስ ቁጥሩን ቀስ ብዬ፣ በዚህ ጊዜ «ፋይፍ» ብዬ ሰጠሁት። ለአፍታ ዝም አለ። ከዚያ «ፋይፍ» ብሎ ደገመልኝና በሰላም አረፈ።

ካፒቴኑ ውኃ ከሚያንጠባጥበው ኮፍያው ጋር የታወሩን ደረጃ ሁሉ ወጥቶ መጣ። «ልጄ፣ አስደነገጥኩህ፤ ይቅርታ አድርግልኝ። ቁጥሩን አሳስቼ ነው የሞላሁት፤ ባሕር ዛፉን በጎን መስኮት አየሁት» አለኝ። አራት ሄክቶፓስካል ከመቶ ጫማ በላይ ዝቅ አድርጎታል፤ ያደገ ባሕር ዛፍም ያንኑ ያህል ይረዝማል። «ያጋጥማል ካፒቴን» አልኩና ከፔርሙዙ ሻይ ቀዳሁለት። ያልኩት ይኸው ብቻ ነው። ጥፋቱን በራሱ ስም ጽፎ ሪፖርት አደረገ፤ የእኔ ስትሪፕ መሳቢያ ገባ። ከዚያ በኋላ በተገናኘን ቁጥር «ያን ቀን በእርጋታ ያሳረፈኝ ልጅ» እያለ ለሰው ያስተዋውቀኝ ነበር፤ እኔም አንገቴን እየደፋሁ ምስጋናውን እቀበል ነበር።

አለመስማቴን ለራሴ ይቅር ብያለሁ፤ ዝምታዬን ግን አልቻልኩም። ዝምታ በዚህ ሙያ ምን እንደሚያደርስ የተረዳሁት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1974 በአሜሪካ ቨርጂኒያ ማውንት ዌዘር ከተባለ ተራራ ጋር ተጋጭቶ 92 ሰዎች ያለቁበትን የቲ ደብሊው ኤ በረራ 514 ታሪክ ሳነብ ነው። ተቆጣጣሪው ለደለስ ማረፊያ የአቀራረብ ፈቃድ ሲሰጥ አብራሪዎቹ ወደ 1,800 ጫማ ለመውረድ እንደተፈቀደላቸው ቆጠሩት፤ እሱ ደግሞ ከፍታውን መጠበቅ የእነሱ ኃላፊነት ነው ብሎ ነበር። እኔን ያቃጠለኝ ግን ሌላ ነው። ከስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ የሌላ ኩባንያ አብራሪዎች እዚያው በተመሳሳይ አረዳድ ለጥቂት ተርፈዋል፤ ወሬው ግን ከራሳቸው ኩባንያ ሳይወጣ ቀረ። አሜሪካኖች ማንም ሳይቀጣ ስሕተቱን የሚያስታውቅበትን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1976 የዘረጉት ከዚህ በኋላ ነው።

አትቀየሙኝና እናንተ የዛሬ ልጆች በሬዲዮ ስትናገሩ እንደ ኤፍ ኤም አቅራቢ ትጣደፋላችሁ፤ ከጆሯችሁም ይልቅ ስክሪኑን ታምናላችሁ። እ.ኤ.አ. ሜይ 23 ቀን 2022 በፓሪስ ሻርል ደ ጎል ሊያርፍ የመጣው ኤርባስ አቅጣጫውን በሳተላይት፣ ቁልቁለቱን ግን በዚያው በድሮው ባሮሜትር ነበር የያዘው፤ ተቆጣጣሪዋ 1001 ማለት ሲገባት 1011 ስላለች፣ ከሜዳው ሳይደርስ ከመሬት 6 ጫማ ብቻ ሲቀረው ተመልሶ ወጣ። አብራሪዎቹ የተነገራቸውን በትክክል ነበር የደገሙት። እንግዲህ ሁልጊዜ ያስደግሙ የምለው እኔ ራሴ፣ ማስደገም ብቻውን እንደማያድን እዚህ ላይ አምናለሁ፤ የራስንም አፍ መስማት ያስፈልጋል። ደግሞም ስሕተትን ጽፎ በማስታወቅ ከእኛ ትውልድ እጅግ ትሻላላችሁ፤ ይህን ሳልናገር ብቀር ዛሬም መደበቄ ነው።

ትናንት የወንድሜን ልጅ ጠርቼ ይህንኑ ሁሉ፣ ስትሪፑንና ሻዩን ጭምር ነገርኳት። ብዙ ጊዜ ዝም ካለች በኋላ፣ ካፒቴኑ በሕይወት ይኖር እንደሆነ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት። ከዚያ ተነሥታ በረንዳው ላይ እየተመላለሰች «ፋይፍ፣ ናይነር፣ ፋይፍ፣ ናይነር» ትል ጀመር፤ ታናሽ ወንድሟ ከውስጥ ሳቀባት፣ እሷም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ቀጠለች።