«ዜግነት በአባት ነው» ያለው ማነው?

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ልጆች ዜግነት ናቸው። አራቱን መርጫለሁ።

«እኔ ኢትዮጵያዊት፣ ባለቤቴ ኬንያዊ ነው። ልጃችን ዱባይ ተወለደች። ጓደኞቼ ዜግነት በአባት ነው ይሉኛል። እውነት ነው?»

እህቴ፣ ጓደኞችሽ የሚያወሩት ያላችሁበትን አገር ልማድ ነው። የእኛ የዜግነት አዋጅ (ቁጥር 378/1996) ከእናትና ከአባት አንዳቸው ኢትዮጵያዊ ከሆኑ ልጁ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። የት እንደተወለደ አይጠይቅም። ይህ አዲስ ነገር እንዳይመስልሽ፤ የ1922ቱ ሕግም ቢሆን እናትን አልዘለለም። ኬንያም በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕገ መንግሥት ከእናትም ከአባትም ዜግነት ይተላለፋል። ልጅሽ የሁለቱም ናት። ኤምሬትስ ግን እዚያ በመወለድ ብቻ ዜግነት አትሰጥም።

«ልጄ ሚኒሶታ ተወለደ። እናቱ አሜሪካዊት ናት፣ እኔ እስካሁን ኢትዮጵያዊ ነኝ። በቅርቡ 18 ዓመት ይሞላዋል። ኢትዮጵያዊነቱስ?»

በደንብ የጠየቁት ይህን ነው። «ጥምር ዜግነት ክልክል ነው» ሲባል ሁሉም ሰምቷል። መቼ እንደሚወስን ግን ብዙ ሰው አያውቅም። እንደ ልጅዎ ሲወለድ ጀምሮ ሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅ እስከ 18 ዓመቱ ማንም ምረጥ አይለውም። 18 ከሞላው በኋላ ግን አንድ ዓመት አለው። በዚያ ዓመት አሜሪካዊነቱን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደመረጠ ካላሳወቀ፣ በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። ዝም ማለትም መልስ ነው ማለት ነው።

የእህቴ ልጅ 19 ሲሞላው እኛ ኬክ እየቆረስን ነበር። «አበሻው ልጃችን!» እያልን አጨበጨብን። ሕጉ በዚያው ቀን ሌላ ነገር እንደቆጠረ ያወቅነው ከወራት በኋላ ነው። እሱማ ሳቀ። እናቱ ግን አልሳቀችም።

በበኩሌ አሜሪካዊነቱን ይጣል አልልም። ለዚህ ነው ቢጫ ካርድ (የውጭ ዜግነት ላላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው መታወቂያ) ያለው። ከወላጅ እስከ ቅድመ አያት አንዱ ኢትዮጵያዊ ከነበረ ይሰጣል። ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል። መምረጥና መመረጥ ግን የለም፤ መከላከያ፣ ደኅንነትና ውጭ ጉዳይም አይቀጠርም። ብቻ ሳታውቁት እንዳያልፍ፣ ቀኑን ከአሁኑ አብራችሁ ቁጠሩ።

«አሜሪካዊ ዜጋ ነኝ። አዲስ አበባ ካለች ፍቅረኛዬ ልጅ ወለድን። አልተጋባንም። ልጁ አሜሪካዊ ይሆናል?»

ሊሆን ይችላል፤ ግን ወረቀት ይፈልጋል። ልጁ ከመወለዱ በፊት በድምሩ 5 ዓመት አሜሪካ መኖርህን ማሳየት አለብህ፤ ከዚያ ውስጥ 2ቱ 14 ዓመት ከሞላህ በኋላ መሆን አለበት። የድሮ ትራንስክሪፕትህን፣ የታክስ ወረቀትህን ፈልግ። ስላልተጋባችሁ ደግሞ የሥጋ አባቱ መሆንህ መረጋገጥ አለበት፤ ልጁን እስከ 18 ዓመቱ እንደምትረዳም በጽሑፍ ትፈርማለህ። ሰርግ ብትደግስም ከመውለድህ በኋላ ስለሆነ ይህን ሁሉ አያስቀርልህም። በእናቱ በኩል ግን ልጁ ያለ ምንም ጣጣ ኢትዮጵያዊ ነው።

«ፈረንጅ ባገባ ዜግነቴ ይሄዳል?»

አይሄድም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 33 ላይ በግልጽ ብሎታል። የሚሄደው የባልሽን አገር ዜግነት ጠይቀሽ የተቀበልሽ ቀን ነው።