«ማሪና»ን የዘፈነው ሮኮ ግራናታ ጣሊያናዊ ነው ወይስ ቤልጂየማዊ?

ስለ ዘፋኙ ለሚጽፉት ጽሑፍ «በጣሊያን ተወልዶ በቤልጂየም ያደገና የሙዚቃ ሥራውን እዚያው የጀመረ ዘፋኝ» የሚለውን ይጠቀሙ፤ «ማሪና» በጣሊያንኛ መዘፈኑ ብቻ በጣሊያን የተሠራ ዘፈን አያሰኘውም።

ግራናታ እ.ኤ.አ. በ1938 በደቡብ ጣሊያን በምትገኘው በካላብሪያ ተወለደ። ቤልጂየም ከጦርነቱ በኋላ ለድንጋይ ከሰል ማውጫዎቿ ሠራተኛ በማጣቷ በ1946 ከጣሊያን ጋር የሥራ ስምምነት ተፈራርማ ነበር፤ አባቱም በሊምቡርግ ግዛት ከሰል ለማውጣት ከሄዱት ብዙ ሺህ ጣሊያናውያን አንዱ ሲሆኑ፣ ልጃቸው በ10 ዓመቱ ገደማ ወደዚያው ሄደ። አኮርዲዮን ተጫዋች የሆነው ይህ ወጣት በ1959 ዘፈኑን ሲያስቀርጽ ሸክላውን ያሳተመው በራሱ ገንዘብ ነበር፤ «ማሪና»ም የሸክላው ዋና ዘፈን ሳይሆን «ማኑኤላ» ከተባለው ዘፈን ጀርባ የተቀመጠ ነበር። በእኔ እምነት ጽሑፍዎ ሰፋ ያለ ቦታ ሊሰጥ የሚገባው ለዚህ ነው፤ የማዕድን ሠራተኛ ልጅ በሩን የከፈተው ራሱ ነውና። ዘፈኑ በጀርመን አንደኛ ደረጃ ላይ ወጥቷል።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። በዚያው ዘመን ሆላንዳዊው ዊሊ አልበርቲን ጨምሮ ሌሎች ዘፋኞችም «ማሪና»ን ተጫውተውታል። እኔ ራሴ ስለ ዘፈኑ ስጽፍ የሌላ ሰው ቅጂ አዳምጬ የግራናታን ድምፅ የገለጽሁ መስሎኝ ነበር፤ ስሕተቱን ያወቅሁት ጽሑፉን ካስረከብሁ በኋላ በመሆኑ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ ስለ አዘፋፈኑ ከመጻፍዎ በፊት የሚያዳምጡት ቅጂ የማን እንደሆነ ያረጋግጡ።