«ስንት ይመዝናል?» ከማለታችሁ በፊት

ይድረስ በባሕር ዳር የተራራ ብስክሌት ለምትገጣጥሙ ልጆቼ፤

ዕድሜዬን የፈጀሁት ከብረት ጋር ነው። በፋብሪካ ጥገና ክፍል ቶርኖና ብየዳ ላይ ዓመታት ሠርቻለሁ፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ በትንሿ ቤቴ ብስክሌት እጠግናለሁ። ከዚያም በፊት ቢሆን ከሥራ መልስ የአባቶቻችሁን ብስክሌት የማድሰው እኔ ነበርኩ። ከተማችን ሜዳ ስለሆነች እነሱ ብስክሌት የሚፈልጉት ለሥራ መሄጃ፣ እህል ወፍጮ ቤት ለማድረስ፣ ልጅ ከኋላ አስቀምጦ ትምህርት ቤት ለመውሰድ ነበር። ስለ ክብደት የጠየቀኝ አልነበረም። እናንተ ግን ቅዳሜ ሳይነጋ ወደ ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትነዳላችሁ፤ ከዘጌ የቡና ጫካ ጭቃ ለብሳችሁ ትመለሳላችሁ፤ የቤዛዊትን ዳገት በሰዓት ትፎካከሩበታላችሁ። ማታ ደግሞ ስልካችሁን ይዛችሁ መጥታችሁ «ጋሼ፣ ይሄኛው 180 ግራም ይቀንሳል» ትሉኛላችሁ።

ጥያቄያችሁን እወደዋለሁ። ይህን የምጽፍላችሁ ከእሱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ ስላለ ነው፦ ይህ ዕቃ የሚሰበርበት ቀን ሲመጣ፣ እንዴት ነው የሚሰበረው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በክረምት አንድ ልጅ የጎበጠ የአሉሚኒየም መሪ ይዞብኝ መጣ። አዲስ መግዣ አልነበረውም። አንጀቴን በላኝና ሞርሳ ላይ አስሬ አቀናሁለት። ቀጥ አለ፤ አዲስ መሰለ። ልጁ አመስግኖኝ ሄደ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ከጢስ ዓባይ ሲመለስ ቁልቁለት ላይ መሪው ከአንገቱ አጠገብ ለሁለት ተቆረጠ። የትከሻው አጥንት ተሰበረ፣ ሁለት የፊት ጥርሱን አጣ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ፋብሪካ ውስጥ እንዲህ የጎበጠ የአሉሚኒየም ክፍል አቅንቼ ማሽን ላይ መልሼ አላውቅም፤ ለልጅ እጅ ግን መለስኩ። ልጁ ድኗል፣ ዛሬም ይነዳል። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የጎበጠ መሪ አላቀናም፤ ማንም ቢለምነኝ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ። ሽቦ ወዲያና ወዲህ ደጋግማችሁ ስታጥፉት እንደሚበጠስ ታውቃላችሁ። ብረታ ብረት ሁሉ በተደጋጋሚ ጫና ይደክማል። ብረት ግን አንድ ጠባይ አለው፤ ጫናው ከተወሰነ ልክ በታች ከሆነ ሚሊዮን ጊዜም ቢደጋገም ይችለዋል። አሉሚኒየም እንዲህ ያለ ልክ የለውም። የረገጣችሁትን ድንጋይ ሁሉ፣ ትንሹንም ጭምር፣ ይቆጥረዋል። ይህ ማለት አሉሚኒየም መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ አውሮፕላን ይሠራበታል። ክብደቱ ከብረት አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው፤ ግትርነቱም እንዲሁ አንድ ሦስተኛ ገደማ። የአሉሚኒየም ቴላዮ (የብስክሌቱ ዋና አጽም) ቱቦዎች ወፋፍራም የሆኑት ለዚህ ነው፤ የጎደለውን ግትርነት በውፍረት ይሞሉታል። ካርቦን ፋይበር ከሁሉም ይቀላል፤ በክሩ አቅጣጫ ሲጫኑት ብርቱ ነው። ግን ድንጋይ በጎን ሲመታው፣ ወይም ብሎኑ ከልኩ በላይ ሲጠብቅ፣ ከውስጥ ይሰነጠቅና ከላይ ምንም ላያሳይ ይችላል።

ታዲያ ብረት ጎብጦ ያስጠነቅቃል። ዘጌ መንገድ ላይ የብረት ቴላዮ ቢሰነጠቅባችሁ ጥሩ በያጅ ለቤታችሁ ያበቃችኋል። የአሉሚኒየም ቴላዮ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥንካሬውን ያገኘው በምድጃ ሙቀት ታክሞ ነው። በያጁ እሳት ሲያስነካው በብየዳው ዙሪያ ያለው አሉሚኒየም ይለሰልሳል፤ እንደገና ምድጃ ካልገባ ጥንካሬው አይመለስም። «ተበይዶልኛል፣ ጠንክሯል» የሚላችሁን አትመኑ። ስለዚህ ዕቃ ጭኖ ለሚሄድና ከከተማ ርቆ ለሚነዳ ልጅ የምመርጠው የብረት ቴላዮ ነው፤ አንድ ኪሎ ቢጨምርም። ለውድድር የምትገጣጥሙ የአሉሚኒየም ያዙ፤ ግን ባጠባችሁት ቁጥር የመሪው ቱቦ ሥርና የኮርቻው ዘንግ የሚገባበት ቦታ ላይ ጣታችሁን እያሳለፋችሁ ስንጥቅ ፈልጉ። በቀለም ላይ የጸጉር ያህል መስመር ካያችሁ አትንዱት።

መሪ፣ የመሪ አንገት፣ የኮርቻ ዘንግ፣ ፔዳሉን የሚይዘው ክንድ፣ የፊት ጎማውን የሚይዘው ፎርኬላ፤ እነዚህ አምስቱ ሲሰበሩ ሰው ይወድቃል። እነሱ ላይ ግራም አትቁጠሩ። የመሪ አንገት ላይ የአሉሚኒየም ብሎን የሚያስገባ ልጅ አይቻለሁ፤ የሚቀንሰው ከአንድ ብርጭቆ ሻይ ስኳር ያነሰ ነው። የብረቱን ብሎን መልሱ፤ የጉልበት መለኪያ ያለው ቁልፍ ካገኛችሁም ዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ አጥብቁ፤ ብዙ ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው።

አሁን ደስ ወደሚለው ልምጣ፤ ያለ ሥጋት የሚቀነሰው ክብደት የት ነው?

ከሁሉ አስቀድሞ በርካሽ ብስክሌት ላይ ያለው ባለ ሞላ ፎርኬላ ነው። ሲያዩት ያምራል፤ እኔ ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው ብዙ ጊዜ ከ2 ኪሎ ተኩል በላይ ይመጣል። አንድ ክረምት ካለፈበት ሞላው ይዝጋል፣ እግሮቹ ይላላሉ፣ ከዚያ በኋላ ድንጋይ ላይ ከመንቋቋት በቀር ሥራ የለውም። አውጥታችሁ ሞላ የሌለው ጥሩ የብረት ፎርኬላ ብታስገቡ ከአንድ ኪሎ በላይ ይወርዳል፤ የሚበላሽም ክፍል አይኖርም። በአንድ ጊዜ ቀላልም የሚበረክትም የሆነበትን እንዲህ ያለ ለውጥ በብስክሌት ላይ ብዙ አታገኙም። ብቻ ቁመቱን ለኩ። ከጎማው አክስል መሐል እስከ ቴላዮው ሥር ያለው ርቀት ሰው ተቀምጦበት ከነበረው ከአሮጌው ጋር ይቀራረብ። አጭር ከሆነ የብስክሌቱ ፊት ይወርድና መሪው እጃችሁ ውስጥ ይቅበጠበጣል። ዲስክ ፍሬን ካላችሁ ማሰሪያው መኖሩን አይታችሁ ግዙ።

ቀጥሎ ቸርኬና ጎማ። ዳር ላይ ያለ ክብደት ስትነሡ እንደ ሁለት ይቆጠራል ይባላል፤ እውነት ነው፤ ወደፊትም ይሄዳል፣ ይሽከረከራልም። ግን ቤዛዊትን በዝግታና በእኩል ፍጥነት ስትወጡ የጎማ አንድ ግራም ከኮርቻ አንድ ግራም አይበልጥም። ስለዚህ ለማፍጠን ብላችሁ ጎኑ እንደ ወረቀት የሳሳ ጎማ አትግዙ፤ የዘጌ ሥርና ድንጋይ በአንድ ጠዋት ይተለትለዋል። ይልቅ ጠርዙ ሽቦ ሳይሆን የሚታጠፍ ክር የሆነውን ጎማ ፈልጉ። ብዙ ግራም ይቀንሳል፣ መንገዱን የሚነካው ላስቲክ ግን ያው ነው። ለግራር እሾህ ካላማዳሪ የሌለውና ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ የሚጨመርበት ጎማ ጥሩ ነው። የምትረሱት ግን ፈሳሹ መድረቁን ነው። በየሁለት ወሩ ከፍታችሁ እዩ፤ አንድ ካላማዳሪም ከኮርቻችሁ ሥር አይጥፋ። ጫካው ውስጥ ጎሚስታ የለም።

ስለ ቸርኬው ሽቦዎች ብዙ ሰው የማያምነኝ ነገር አለ። ጫፍና ጫፉ 2 ሚሊ ሜትር ሆኖ መሐሉ ወደ 1.8 የቀጠነ ሽቦ ከዳር እስከ ዳር 2 ሚሊ ከሆነው ይቀላል፤ ዕድሜውም ይረዝማል። ሽቦ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው በመሐሉ ሳይሆን የቸርኬው እምብርት በሆነው ሞዞ ላይ በሚታጠፍበት አንገቱ ነው። መሐሉ ሲቀጥን እንደ ላስቲክ ትንሽ ይለጠጥና ድንጋዩን ስትመቱ አንገቱ ላይ የሚደርሰውን ድንጋጤ ይቀበልለታል። 32 ሽቦ ያለው ቸርኬ ያዙ፤ በ28 የምታተርፉት ጥቂት ግራም አንዱ ሲበጠስ ቤት ለመድረስ አይረዳችሁም።

ሞዞው ላይ ስንደርስ አንድ የምወደው ታሪክ አለ። የተራራ ብስክሌት ከተወለደባቸው ቦታዎች አንዱ በካሊፎርኒያ ያለው የታማልፓይስ ተራራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 እነ ጋሪ ፊሸርና ጆ ብሪዝ የተባሉ ብስክሌተኞች በአሮጌ የብረት ብስክሌት ከዚያ አቅራቢያ ባለ መንገድ ቁልቁል መወዳደር ጀመሩ። የኋላ ሞዞው ፍሬን በቁልቁለቱ ከመጋሉ የተነሣ ውስጡ ያለው ግራሶ ይቃጠልና ይጨስ ነበር፤ ታች ሲደርሱ ፈትተው እንደገና መሙላት ነበረባቸው። መንገዱም «ሪፓክ» የተባለው ለዚሁ ነው፤ «መልሶ መሙላት» ማለት ነው። ክረምቱ ሲወጣ ሞዞ ፈትታችሁ ኩሽኔታ ስታጥቡ እነሱን አስቧቸው። ንጹሕ ግራሶ የገባበት ርካሽ ሞዞ ጭቃ ከገባበት ውድ ሞዞ ይሻላል።

ማርሹን አሳጥሬ ልናገር። ከፊት ያሉትን ሦስቱን ጥርሶች (ካቴናው የሚዞርባቸውን ባለ ጥርስ ክቦች) በአንድ መተካት፣ የማቀያየሪያውን ገመድና እጀታም አብሮ ማውጣት ክብደት ይቀንሳል፤ ጭቃ የሚይዝ ነገርም ይጠፋል። ከኋላ ትልቁ ጥርስ አሉሚኒየም ቢሆን ግድ የለም፤ ሁልጊዜ የምትነዱባቸው ትንንሾቹ ግን ብረት ይሁኑ። ካቴናውን ደግሞ በማስመሪያ ለኩ። ወጥራችሁ ከአንድ ፒን መሐል 24 ክፍል ቁጠሩ፤ አዲስ ሲሆን 30.48 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ወደ 30.6 ሲጠጋ ለውጡት። 30.8 እስኪደርስ ከጠበቃችሁ የኋላውን ጥርሶች በልቷቸዋል፤ የሁለቱንም ዋጋ ትከፍላላችሁ። ማስመሪያ ከደብተራችሁ ውስጥ አለ።

ፍሬን ላይ የምለው ትንሽ ነው። የብረት ዱቄት ያለበት የፍሬን ሸራ በክረምት ጭቃ ከለስላሳው ይበረክታል። በዘይት የሚሠራ ፍሬን ካላችሁ የተጻፈበትን የዘይት ዓይነት ብቻ ጨምሩ፤ ሌላው ጎሚኒውን ይበላዋል።

ሒሳቡንም እንሥራው። 70 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በ15 ኪሎ ብስክሌት ላይ ቢቀመጥ 85 ኪሎ ነው። ከብስክሌቱ 2 ኪሎ ብትቀንሱ የአንድ ሰዓት ዳገት የሚያጥርላችሁ ከአንድ ደቂቃ ተኩል አይበልጥም። ለሚወዳደር ትልቅ ነው፤ ልፉበት። ለሌላችሁ ግን ለጥቂት ግራም ብላችሁ የእናታችሁን ገንዘብ አታስወጡ።

ያ የተሰበረ መሪ ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ስትመጡ አውርዱና ስብራቱን በብርሃን ተመልከቱት። ሁለት ዓይነት ነው። ግማሹ ለስልሶ ጠቁሯል፤ እሱ እኔ ባቀናሁበት ቦታ የጀመረው ስንጥቅ ነው፣ ልጁ በነዳ ቁጥር በጥቂት በጥቂቱ ሲሄድ የነበረው። የቀረው ሻካራና የሚያበራ ነው። እሱ ቁልቁለቱ ላይ በአንድ ቅጽበት የተቆረጠው ነው።