ጥያቄና መልስ፦ ድሪፍትና ራሊ ለጀማሪ

ስለ ድሪፍትና ራሊ አነዳድ ከአንባቢዎች የደረሱንን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስበን መልሰናል። ድሪፍት መኪናን ሆን ብሎ በጎን እያንሸራተቱ መንዳት ነው፤ ራሊ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በጠጠርና በአፈር መንገድ ላይ ከሰዓት ጋር የሚደረግ ውድድር ነው። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገናቸዋል።

ጥያቄ፦ ታክሲነቱ ያበቃለት ላዳ 2107 ገዝቻለሁ። አስፈቅጄ በአንድ መጋዘን ጠጠር ግቢ ውስጥ እሁድ እሁድ ድሪፍት እሞክራለሁ። መሪ ሳዞር ወይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ወይ ተሽከርክሮ ፊቱን ወደ መጣሁበት ያዞራል። የእጅ ፍሬን ስስብ ደግሞ ሞተሩ ጥፍት ይላል። ችግሩ መኪናው ነው ወይስ እኔ? (ከቃሊቲ)

መልስ፦ መኪናው አይደለም። ላዳ ሞተሩ ከፊት ሆኖ የኋላ ጎማ የሚያዞር፣ ቀላልና ለመጠገን የማያስቸግር መኪና ነው፤ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ብዙም አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሊትዌኒያ ውስጥ፣ ቪልኒየስ ላይ፣ የራሊ ነጂው ስታሲስ ብሩንድዛ የሚመራው ቪኤፍቲኤስ የተባለ ፋብሪካ ከላዳ 2105 ወደ 160 የፈረስ ጉልበት የሚያወጣ የራሊ መኪና ይሠራ ነበር።

በእጅ ፍሬኑ እንጀምር። የኋላ ጎማዎቹ በካርዳን ዘንግ ከካምቢዮው ጋር፣ ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር የተያያዙ ናቸው። ጎማውን ቀጥ ሲያደርጉት ሞተሩንም አብረው ያቆሙታል። ስለዚህ መጀመሪያ ፍሪሲዮን ይረገጣል፤ የእጅ ፍሬኑ ጫፉ ላይ ያለው ቁልፍ እንደተጫነ ሳብ ተደርጎ ወዲያው ይለቀቃል፤ ከዚያ ነዳጅ እየሰጡ ፍሪሲዮኑን መልቀቅ ነው። ቁልፉን ተጭነው ካልያዙት ፍሬኑ እንደተቆለፈ ይቀርብዎታል። 4 ወይም 5 ጊዜ ቀጭ ካለ በኋላም የማይዝ ከሆነ ገመዱን ያስጠብቁ። አንዱ ጎማ ብቻ የሚይዝ ከሆነ ታምቡሩ ተከፍቶ ሸራው ይታይ። ይህን ካልን በኋላ ግን፣ ለጊዜው የእጅ ፍሬኑን ይርሱት። የኋላውን በግድ ያስወጣልዎታል እንጂ ከወጣ በኋላ እንዴት እንደሚያዝ አያስተምርዎትም።

ቀጥ ብሎ የሚሄደው ነዳጅ እንደረገጡ መሪ ስለሚያዞሩ ነው። ነዳጅ ሲረገጥ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ አፍንጫው ቀና ይላል፣ የፊት ጎማዎቹ መሬቱን የሚጫኑበት ኃይል ያንሳል። እግርዎን ከነዳጅ ላይ ያንሱ ወይም ፍሬን ነካ ያድርጉ፤ አፍንጫው ዝቅ ሲል ይሰማዎታል፤ መሪው የሚዞረው ያኔ ነው። ቀጥ ብሎ መሄድ ከጀመረ መሪውን ይበልጥ መጠምዘዝ አይረዳም፤ ትንሽ መልሰው የፊት ጎማው እስኪይዝ ይጠብቁ።

የሚሽከረከረው ደግሞ የኋላው ሲወጣ ደንግጠው እግርዎን ከነዳጅ ላይ ድንገት ስለሚያነሱ ነው። ክብደቱ ወደ ፊት ይዘላል፣ የኋላው ይቀልና ይባስ ብሎ ይወጣል። ነዳጁን ግማሽ ላይ ያቆዩት። መሪውን በተመለከተ፣ የኋላው ሲወጣ የፊት ጎማዎቹ በራሳቸው መኪናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ መዞር ይፈልጋሉ። ጣትዎን ላላ አድርገው መሪው በመዳፍዎ ውስጥ እንዲሮጥ ይተዉት፤ በቃ የሚሉበት ላይ ሲደርስ ይያዙት። አውራ ጣትዎን ከመሪው ውስጠኛ ጎን ያውጡ፤ ላዳ የኃይል መሪ ስለሌለው ጎማው ድንጋይ ሲመታ መሪው ጣት ይሰብራል። ዓይንዎ መሄድ የሚፈልጉበት ላይ ይሁን፤ ግንቡን ያየ ግንቡን ያገኛል። መሪውን መመለስም አይዘግይ። ጎማው ድንገት ሲይዝ መሪው ገና እንደዞረ ከሆነ መኪናው ወደ ሌላው ጎን ይወረወራል። ብዙ ጀማሪ የሚጋጨው በመጀመሪያው መንሸራተት ሳይሆን በዚህኛው ነው።

ልምምዱ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው። በየአቅጣጫው ቢያንስ 30 ሜትር ነፃ ቦታ ባለበት መሃል ላይ አንድ ባዶ ጄሪካን ያስቀምጡ። ድንጋይ ወይም አሮጌ ጎማ አያስቀምጡ፤ በጎን እየተንሸራተተ የመጣ መኪናን ይገለብጣል። በ1ኛ ማርሽ፣ በ15 ኪሎ ሜትር አካባቢ ፍጥነት፣ ከጄሪካኑ 8 ሜትር ያህል ርቀው ይዙሩ። ዙሩ ሲረጋጋ ነዳጁን ረገጥ ያድርጉ። መጀመሪያ ሩብ ክብ ያህል ተንሸራትቶ ቢይዝ ይበቃል፤ ከዚያ ግማሽ፣ ከዚያ ሙሉ። በሁለቱም አቅጣጫ ይለማመዱ፤ ሁሉም ሰው አንዱ ጎን ይቀለዋል፣ ደካማውን ጎን ደግሞ መሸሽ ይወዳል። ሙሉ ክብ በሁለቱም በኩል ሲሳካ ሁለተኛ ጄሪካን ከ20 እስከ 25 ሜትር ርቀት ላይ አስቀምጠው ስምንት ቁጥር ይሥሩ። እዚያ የሚከብደው መሃል ላይ ጎን መቀየሩ ነው፦ ነዳጁን ለቅጽበት ቀነስ፣ መሪው ወደ ሌላው ጎን ሲሮጥ መጠበቅ፣ ሲደርስ መያዝና ነዳጁን መመለስ።

በደረቅ አስፋልት ላይ ይህን ሁሉ ልሥራ ቢሉ መኪናው እምቢ ይልዎታል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ 1 በመቶ ገደማ ያጣል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች በባሕር ጠለል 75 የነበረው ጉልበት እዚህ ወደ 57 ይወርዳል። ስለዚህ ጠጠር ወይም የረጠበ መሬት ይሻልዎታል፤ ጎማም ይቆጥባል። እርጥብ ልሙጥ መሬት ላይ የኋላ ጎማዎቹን አየር ወደ 40 ፒኤስአይ ከፍ ማድረግ መንሸራተቱን ያቀለዋል፤ ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ መጠን ግን አይለፉ። ጠጠር ላይ ከ28 እስከ 32 ይበቃል። ከዚያ ካነሰ ጎማው ከቸርኬው ሊላቀቅ፣ ቸርኬውም ሊታጠፍ ይችላል።

ለረጅም ጊዜ በአንድ አቅጣጫ መዞር ሞተር ያበላሻል። ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ስለሚሰበሰብ ፓምፑ አየር ይስባል። የዘይት መብራት ብልጭ ካለች ወዲያው ያቁሙ፤ ከመጀመርዎ በፊትም ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ላይ ይሁን። ነዳጁ ከሩብ በታች ከሆነ ሰልባቲዮው ውስጥ እየተንቦጫረቀ ሞተሩ ይቆራረጣል። ፍጥነቱ ዝቅ፣ የሞተሩ ዙር ከፍ ስለሚል ራዲያተሩ በቂ ነፋስ አያገኝም፤ በየ10 ደቂቃው አረፍ ብለው የሙቀት ጠቋሚውን ይዩ። የወለል ምንጣፎቹን አውጥተው ይጣሉ፤ ፍሬን ሥር ይገባሉ። ክሪክና ትርፍ ጎማ ይታሰር፣ ባትሪውም ይጥበቅ። ሄልሜት፣ ቀበቶ፣ የተዘጋ መስኮት፣ እጅ የሚደርስበት 2 ኪሎ የእሳት ማጥፊያ። ተሳፋሪ አይኑር።

ጥያቄ፦ ዲኤክስ ኮሮላ ላይ ዲፈረንሻሉን በብየዳ አስዘጋልን የሚሉ ወጣቶች ጋራዥ ይመጣሉ። ልሥራላቸው? (መካኒክ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ለውድድር ሜዳ ብቻ ከሆነ፣ በጭነት መኪና ተጭኖ ሄዶ ተጭኖ የሚመለስ ከሆነ፣ ይቻላል። መንገድ ላይ ለሚነዳ መኪና አይሥሩ። የሚጠይቁበት ምክንያት ይገባናል፦ ተራው ዲፈረንሻል ጉልበቱን ክብደት ለሌለው የውስጠኛው ጎማ ስለሚሰጥ አንዱ ጎማ ብቻ እያጨሰ መኪናው ቆሞ ይቀራል። በብየዳ ሲዘጋ ሁለቱም እኩል ይዞራሉ። ችግሩ በጠባብ ኩርባ ላይ ሁለቱ ጎማዎች የተለያየ ርቀት መሄድ ሲኖርባቸው አንዱ መጎተት መጀመሩ ነው። ዝናብ ላይ የኋላው ሳይታሰብ ይወጣል፣ ጎማ በጥቂት ሳምንት ያልቃል፣ ዘንጉም ይሰበራል። ሜዳ ላይ ለሚጠቀም ሰው ከሠሩ ደግሞ ጥርሶቹ በደንብ ካልሞቁ ብየዳው ይሰነጠቃል፤ የብየዳው ቅርፊት በሙሉ ካልጸዳ ከዘይቱ ጋር ሲዞር ኩሽኔታውን ይፈጨዋል። ከ200 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይቱን ይቀይሩ። ገንዘብ ካላቸው ሊሚትድ ስሊፕ (ሁለቱን ጎማ በከፊል ብቻ የሚያስተሳስር ዲፈረንሻል) ያስገቡ ይበሏቸው።

ጥያቄ፦ ያለኝ አውቶማቲክ ቪትዝ ነው። በቃ ራሊ አይሆንልኝም ማለት ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ድሪፍት በእርግጥ አይሆንልዎትም፤ የሚጎትተው የፊት ጎማ ስለሆነ መንሸራተቱን በነዳጅ ማቆየት አይቻልም። ራሊ ግን ሌላ ነው። ስዊድናዊው ኤሪክ ካርልሶን እ.ኤ.አ. በ1962 እና በ1963 የሞንቴ ካርሎ ራሊን ያሸነፈው በፊት ጎማ በምትጎተት ትንሽ ሳብ 96 ነው። ዘዴው ግራ እግር ነበር፦ ቀኝ እግሩን ከነዳጅ ላይ ሳያነሳ በግራው ፍሬን ይነካል።

የእርስዎ መኪና ፍሪሲዮን ስለሌለው ግራ እግርዎ ሥራ ፈት ነው፤ ይህ ጥቅም ነው። መጀመሪያ ግን ቀጥ ባለ ባዶ ቦታ፣ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ በግራ እግር ብቻ ቀስ ብሎ ማቆም ይለማመዱ። መጀመሪያ ላይ ፍሬኑን ይደፈጥጡታል፤ ቀበቶ ይታሰር። ሶሉ ቀጭን የሆነ ጫማ ይረዳል። እግሩ ሲለምድ ጠጠር ላይ በ25 ኪሎ ሜትር ክብ እየዞሩ፣ ነዳጁን ሳይቀንሱ፣ በግራ ፍሬን ነካ ያድርጉ። የፊት ጎማዎቹን ሞተሩ ስለሚያዞራቸው ብዙ አይቀንሱም፤ የኋላዎቹ ግን ይያዛሉ፣ ክብደቱም ወደ ፊት ይመጣል፣ አፍንጫው ወደ ውስጥ ይገባል። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ሁለቱ ፔዳል አብረው ሲረገጡ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ይቆርጣል፤ ያ ከሆነ በዚያ መኪና ይህ ዘዴ አይሠራም።

ቀጥሎ የሚመጣው ስካንዲኔቪያን ፍሊክ የሚባለው ነው። ለግራ ኩርባ፦ ከኩርባው በፊት መሪውን ለአፍታ ወደ ቀኝ ያዙሩ፣ ወዲያው እግርዎን ከነዳጅ ያንሱና ፍሬን ነካ ያድርጉ። የኋላው ወደ ግራ መውጣት ሲጀምር መሪውን ወደ ግራ ይመልሱ። በአንድ ጎን ሞላዎች ላይ ተጨምቆ የነበረው ክብደት ወደ ሌላው ጎን ሲወረወር የኋላው ወደ ቀኝ ይጠረጋል፣ አፍንጫውም ወደ ኩርባው ውስጥ ይጠቁማል። መውጫውን ሲያዩ ነዳጅ ይረገጣል፤ በፊት ጎማ መኪና ከመሽከርከር የሚያድነው ነዳጅ ነው። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ጊዜው ላይ ነው፦ ወደ ግራ የሚመልሰው የኋላው ገና ሳይወጣ ስለሆነ ምንም አይፈጠርም፣ ቀጥሎ ፍጥነት ይጨምራል። ፍጥነት አይጨምሩ፤ በ30 ኪሎ ሜትር ያልሠራ በ60 አይሠራም።

ጥያቄ፦ በኤሌክትሪክ መኪናስ? (ከአዲስ አበባ፣ በርካታ ጠያቂዎች)

መልስ፦ ለመማሪያ አንመክረውም። በባትሪው ምክንያት ከባድ ነው፤ እግር ከነዳጅ ሲነሳ ሞተሩ ራሱ ፍሬን ስለሚይዝ ክብደቱ ሳያዝዙት ወደ ፊት ይመጣል፤ መንሸራተትን የሚከለክለው ኮምፒውተርም በብዙዎቹ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ከሥር ድንጋይ ባትሪውን ከመታው ደግሞ ጉዳቱ ከመኪናው ዋጋ ጋር የሚፎካከር ነው።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነኝ። ጓደኞቼ ሌሊት ባዶ መንገድ ላይ ድሪፍት ይሠራሉ። (ከኤምሬትስ)

መልስ፦ አብረው አይሂዱ። የሰውን ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥል አነዳድ 2,000 ድርሃም፣ በመንጃ ፈቃድ ላይ የሚያዝ 23 ጥቁር ነጥብና መኪናው ለ60 ቀን መያዝ ያስከትላል፤ ዱባይ ላይ መኪናውን ለማስለቀቅ የሚከፈለው ደግሞ ከዚህ እጅግ የበዛ ነው። እንደ አቡ ዳቢው ያስ ማሪና ያሉ የውድድር ሜዳዎች የሚያዘጋጁትን ፕሮግራም ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ተራ የቤት መኪናዬን ይዤ ራሊ የምጀምርበት ቦታ አለ? (ከአሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ አለ፤ ራሊክሮስ። ኤስሲሲኤ የተባለው የአሜሪካ ስፖርት መኪና ክለብ በየክልሉ ያዘጋጃል። ሣር ወይም አፈር ሜዳ ላይ በኮን (ሾጣጣ የፕላስቲክ ምልክት) የተሠመረ መንገድ ነው፤ መኪኖቹ አንድ በአንድ ስለሚሄዱ ከማንም ጋር አይጋጩም። የሁሉም ዙር ሰዓት ይደመራል፣ ኮን መምታት 2 ሰከንድ፣ በኮኖች መካከል ያለውን መተላለፊያ ሳያልፉበት መቅረት 10 ሰከንድ ያስጨምራል። ስለዚህ አንድ አስደናቂ ዙር ዋጋ የለውም፤ ስድስት ንጹሕ ዙር ያሸንፈዋል። የክረምት (የበረዶ) ጎማ ካለዎት ያንን ይግጠሙ፤ አፈር ላይ ከበጋው ጎማ በጣም ይሻላል። ሄልሜት ከመግዛትዎ በፊት የዚያ ክልል አዘጋጆች የትኛውን የስኔል (የሄልሜት ደህንነት ማረጋገጫ) ምልክት እንደሚቀበሉ ይጠይቁ። ገንዘብ ካጠራቀሙ ኒው ሃምፕሻየር ዳልተን ውስጥ ቲም ኦኒል የተባለ የራሊ ትምህርት ቤት አለ።

ጥያቄ፦ መኪና የለኝም፣ የመግዛት አቅምም የለኝም። ግን ራሊ እወዳለሁ። ምን ማድረግ እችላለሁ? (ተማሪ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ አብሮ ነጂ ይሁኑ። ጥሩ ነጂ ብዙ ነው፣ ጥሩ አንባቢ ግን ይፈለጋል። አብሮ ነጂው መንገዱ ገና ሳይታይ ምን እንደሚመጣ ከማስታወሻ እያነበበ ለነጂው ይነግረዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ዓለም ሻምፒዮና የተመለሰው የኬንያው ሳፋሪ ራሊ ናይቫሻ አካባቢ ሲካሄድ፣ ፌሽፌሽ የሚባለው እንደ ዱቄት የላመ አቧራ ውስጥ ነጂው ምንም የማያይበት ጊዜ አለ፤ ያኔ የሚታመነው ድምፅዎ ብቻ ነው።

ኩርባዎች ከ1 እስከ 6 ቁጥር ይሰጣቸዋል። በብዙዎች አጠቃቀም 6 በሙሉ ፍጥነት የሚታለፍ፣ 1 በጣም ጠባብ ነው፤ የሚገለብጡትም ስላሉ ከነጂዎ ጋር አስቀድመው ይስማሙ። በአማርኛ ሲነበብ ይህን ይመስላል፦ «100፣ ቀኝ 4 ይጠባል፣ ጉብታ፣ 50፣ ግራ 3 አትቁረጥ፣ ድልድይ ላይ ጠብቅ።» 100 እና 50 ርቀት በሜትር ናቸው፤ 4 እና 3 የኩርባው ቁጥር ናቸው። «ይጠባል» ኩርባው እየገባ ሲሄድ ይበልጥ ይጠባል ማለት ነው፤ ይህች ቃል ከተረሳች መኪናው ገደል ውስጥ ነው። «አትቁረጥ» የሚባለው ከውስጥ በኩል ድንጋይ ወይም ቦይ ሲኖር ነው። በእርሳስ ይጻፉ፣ ጥምዝ ሽቦ ያለው ደብተር ይጠቀሙ፣ በአንድ ገጽ ከ7 መስመር አይለፉ፤ መኪናው ሲዘል ዓይን መስመሩን ይስታል።

ለልምምድ ስልክ ይበቃል። ጠመዝማዛ በሆነ የገጠር መንገድ ሰው ሲነዳዎት፣ በተለመደው ፍጥነት፣ በፊት መስታወት በኩል ይቅረጹ። ቤት ገብተው ቪዲዮውን እያቆሙ ማስታወሻውን ይጻፉ፤ በሁለተኛው ዕይታ ያርሙት። ከዚያ ቪዲዮውን በ1.5 ፍጥነት ከፍተው ጮክ ብለው ያንብቡ። መኪናው አንዱ ኩርባ ውስጥ ሲገባ እርስዎ የሚቀጥለውን ጨርሰው መሆን አለበት። ከዚያ በላይ ከቀደሙ ነጂው ይረሳዋል፣ ከዘገዩም አልፎታል። መኪና ውስጥ ሲያነቡ ጭንቅላትዎ የሚዞር ከሆነ በሚቀጥለው ጉዞ 2 ደቂቃ አንብበው ቀና ይበሉ፣ ከዚያ 5፣ ከዚያ 10 እያሉ ይጨምሩ። አብዛኛው ሰው ይለምደዋል።