ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እየዋኘሁ የድብርት መድኃኒቴን ላቁም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ34 ዓመት ሴት ነኝ። የድብርት መድኃኒት ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። ካለፉት ሦስት ወራት ወዲህ በጣም ተሽሎኛል። ጓደኛዬ በየሳምንቱ ቀዝቃዛ ሐይቅ ውስጥ ትዋኛለች፤ ስትወጣ ጭንቀቷ ሁሉ እንደሚለቃት ትነግረኛለች። እኔም ዋና ጀምሬ መድኃኒቱን ባቆመውስ?

መልስ፦ ዋናውን መጀመር ይችሉ ይሆናል። መድኃኒቱን ግን እባክዎ አሁን እንዳያቆሙት።

ጓደኛዎ የሚሰማት ስሜት እውነተኛ ነው። ድንገተኛ ብርድ ሲያገኘን ሰውነታችን ኖርአድሬናሊን የተባለ የሚያነቃ ንጥረ ነገር በብዛት ያመነጫል። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣ ጥናት 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውኃ ውስጥ አንድ ሰዓት የቆዩ ሰዎች ደም ውስጥ መጠኑ ከአምስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። በዚያ ላይ እንቅስቃሴው አለ፤ አብሮ የሚዋኝ ሰው አለ። የትኛው ምን ያህል እንደረዳ መለየት ያስቸግራል።

እ.ኤ.አ. በ2018 ሐኪሞች የአንዲት የ24 ዓመት ወጣት ታሪክ አሳትመው ነበር። በየሳምንቱ እየዋኘች የድብርት መድኃኒቷን ለማቆም በቅታለች። ደስ የሚል ነው፤ ግን የአንድ ሰው ታሪክ ነው። እርስዎ ደህና ከሆኑ ገና ሦስት ወርዎ ነው። እኛ ሐኪሞች ከተሻለ በኋላም ቢያንስ ስድስት ወር እንዲቀጥሉ የምንመክረው ድብርቱ ተመልሶ እንዳይመጣ ነው። በድንገት ማቋረጥ ደግሞ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ሊያስከትል ይችላል።

ወደ ውኃው ስንመጣ፣ በጣም የሚያሳስበኝ የመጀመሪያዋ ደቂቃ ናት። ብርዱ ቆዳዎን እንደነካ ሳያስቡት አየር በኃይል ይስባሉ፤ ትንፋሽ ይቆራረጣል፣ ልብ ይመታል፣ የደም ግፊት ይጨምራል። በዚያች ቅጽበት አፍዎ ከውኃ በታች ከሆነ የሚስቡት ውኃ ነው። ጎበዝ ዋናተኞችም የሚሰምጡት እንዲህ ነው። ስለዚህ ዘለው አይግቡ። ቀስ ብለው ይግቡ፤ ትንፋሽዎ እስኪረጋ እግርዎ መሬት ይንካ፣ ወይም በጀርባዎ ይንሳፈፉ። ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ይወስዳል። ለጀማሪ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ ሰውነት ከአምስት ስድስት አጭር ቆይታ በኋላ ድንጋጤውን እየለመደው ይሄዳል። ብቻዎን ግን በጭራሽ እንዳይገቡ።

ከወጡ በኋላም የውስጥ ሙቀትዎ ለጥቂት ጊዜ መውረዱን ይቀጥላል። ቶሎ እርጥቡን ልብስ ያውልቁ፣ ይድረቁ፣ ደራርበው ይልበሱ፣ ትኩስ ነገር ይጠጡ። ወዲያው ሙቅ ሻወር ውስጥ መግባት ራስ ሊያስትዎ ይችላል። መንቀጥቀጡ እስኪቆምም መኪና አይንዱ።

የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት ወይም አስም ካለብዎ፣ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆኑ መጀመሪያ ሐኪምዎን ያማክሩ። አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች የልብ ምትን ስለሚነኩ የመድኃኒቱን ፓኮ ይዘው ሄደው ያሳዩ። ስሜትዎ እንደገና መውረድ ከጀመረ ቀጠሮዎን አይጠብቁ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎ ደግሞ በዚያኑ ቀን፣ ለቅርብ ሰው ነግረው፣ ወደ ሐኪም ይሂዱ።