ግድግዳሽን መርፌ አታስወጊው

እህቴ፣ ጥያቄሽ ባጭሩ ይሄ ነው። ኮትስዎልድስ በሚባለው የእንግሊዝ ገጠር ውስጥ እንግዶች ራሳቸው እያበሰሉ ለሳምንት የሚከራዩት የድንጋይ ኮቴጅ አላችሁ። የሳሎኑ ግድግዳ እስከ ጉልበት ድረስ ይረጥባል፣ ቀለሙ ይላጣል፣ እንግዶቹም ሻጋታ ሸተተን እያሉ ኮከብ ይቀንሱባችኋል። አንድ ድርጅት መጥቶ ባለ ሁለት ሹል የእርጥበት መለኪያ ሰክቶ በነፃ ለካና «ግድግዳው ተበስቶ ውሃ ከመሬት እንዳይወጣ የሚያግድ ኬሚካል ካልተወጋ አይድንም» አለሽ። ላስወጋው ወይ?

እኔ እዚሁ እንግሊዝ አገር የድሮ የድንጋይ ቤት የምጠግን ግንበኛ ነኝ። መልሴ፦ ቆይ። ያ ባለ ሁለት ሹል መለኪያ የተሠራው ለእንጨት ነው። ልስኑ ውስጥ ጨው ካለ እርጥበቱ ትንሽ ቢሆንም ይጮሃል። በነፃ የለካልሽም ሰውዬ እንጀራው መርፌው ነው። የእንደዚህ ዓይነት ቤት ግድግዳ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከውጭም ከውስጥም ድንጋይ ሆኖ መሃሉ በስብርባሪና በኖራ የተሞላ ስለሆነ፣ ኬሚካሉ በዚያ ሁሉ ክፍተት ውስጥ ወጥ መስመር ሊሠራ አይችልም።

ዝናብ ሲጥል ጃኬትሽን ደርበሽ ውጪና እዪ። አሸንዳው ሞልቶ ግድግዳው ላይ እየፈሰሰ ነው? ከዚያ የውጭውን መሬት ከውስጡ ወለል ጋር አስተያዪ። በየዘመኑ አፈርና ጠጠር ሲጨመርበት መሬቱ ከወለሉ በላይ ይወጣል። ከወለሉ ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር ዝቅ ይበል። ግን የድሮ ቤት መሠረት ጥልቅ አይደለም፣ ከመቆፈሩ በፊት ባለሙያ ይየው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በላክሽው ፎቶ ላይ በድንጋዮቹ መሃል ያለው ግራጫ ነገር ሲሚንቶ ነው። ቤቱ ሲገነባ ግን የተያያዘው በኖራ ነው፣ የጎንደር ግንብም እኮ በኖራ ነው የቆመው። የኖራ ግድግዳ ዝናብ ይጠጣል፣ ነፋስና ፀሐይ ሲያገኝ ደግሞ በመጋጠሚያው በኩል ይተፋዋል። ሲሚንቶ ያንን መውጫ ይደፍነዋል። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ወደ ሳሎናችሁ ይመጣል፣ ወይ ድንጋዩ ውስጥ ይቀራል፤ የኮትስዎልድስ ድንጋይ ለስላሳ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ በብርድ ጊዜ ውሃው በረዶ ሲሆን ፊቱን እየገፈፈ ይጥለዋል። ውስጥ ያለው የጂፕሰም ልስንና የፕላስቲክ ቀለምም ያው ነው፣ ያፍነዋል።

ሲሚንቶው በመሮና በመዶሻ ቀስ ተብሎ ይውጣ። ግራይንደር የሚያመጣ ሠራተኛ ካለ መልሱት፣ የድንጋዩን ጠርዝ ይበላዋል። የመጋጠሚያውን ስፋት እጥፍ ያህል ወደ ውስጥ ተጠርጎ፣ ኤንኤችኤል 3.5 የሚባለው ኖራ አንድ እጅ ከሦስት እጅ ሻካራ አሸዋ ጋር ተደባልቆ ይሞላ። «ትንሽ ሲሚንቶ ጣል ላድርግበት» የሚል አይጠፋም፤ እንዳትሰሙት። ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ በታች ሲወርድ ይህ ሥራ አይሠራም፣ ስለዚህ ከሚያዝያ እስከ መስከረም ያዙት። አዲሱ ኖራ በአንዴ እንዳይደርቅ እርጥብ ጆንያ ለቀናት ይሸፈንበት። ውስጡንም በኖራ ልስንና በኖራ ቀለም። ግማሽ ሜትር ግድግዳ ለመድረቅ ከዓመት በላይ ሊፈጅ ስለሚችል ወር ሳይሞላ አልዳነም አትበሉ።

ቤቱ በታሪካዊ ቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ ሳትነኩት የካውንስሉን (የአካባቢውን አስተዳደር) የቅርስ ባለሙያ ጠይቁ። ፈቃድ የሚያስፈልገውን ሥራ ያለ ፈቃድ መሥራት ወንጀል ነው።

እንግዳ ወጥቶ እንግዳ እስኪገባ ማሞቂያውን አጥፍታችሁ አትሂዱ። ሰዎቹ አብስለው፣ ታጥበው፣ ልብስ አድርቀው የተዉት እንፋሎት ቤቱ ሲቀዘቅዝ ግድግዳው ላይ ውሃ ይሆናል። 15 ዲግሪ አካባቢ ላይ ተዉት። ለመታጠቢያ ቤቱም እርጥበት ሲሰማው በራሱ የሚነሳ ማራገቢያ ግጠሙ፤ በማብሪያ የሚሠራውን እንግዶች ጮኸብን ብለው ያጠፉታል።

ባለቤትሽ ኖራውን እኔ እሠራዋለሁ ካለ ይሞክር። ኖራ ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል መነጽርና ጓንት ያድርግ። እጁ እስኪፈታም እንግዳ ከማያየው ከጓሮው ግድግዳ ይጀምር።