ስለ ቻይና ታሪካዊ ልብ ወለድ ለምትጽፉ ልጆቼ

የላካችሁልኝን ረቂቆች አንብቤ ጨርሻለሁ። ከመካከላችሁ በነጻ የትምህርት ዕድል ሄዳችሁ ውሃን እና ቤጂንግ የተማራችሁ አላችሁ፤ አገሩን ሳትረግጡ በመጻሕፍት ብቻ የወደዳችሁትም አላችሁ። ቋንቋችሁ ያምራል፣ ድካማችሁም ይታያል። ነገር ግን ሁሉንም ረቂቅ አንድ በሽታ ይዞታል። ለየብቻ ከምጽፍላችሁ በአንድ ደብዳቤ ልገላገለው ብዬ ነው።

ሰዎቻችሁ ከሚገባቸው በላይ ያውቃሉ። በ1850 የሚኖረው የጓንግሺ ገበሬ አገር የሚያናውጥ አመጽ ሊፈነዳ መሆኑን ያውቃል። በ1937 የናንጂንጉ ነጋዴ ሚስት የጃፓን ጦር በታኅሣሥ የከተማዋን ሕዝብ እንደሚጨፈጭፍ ከወራት በፊት ጠርጥራ ትጨርሳለች። በ1966 የቤጂንጉ ተማሪ ደግሞ «እነዚህ አሥር የመከራ ዓመታት» እያለ ያወራል፤ የባህል አብዮቱ ከተጀመረ ገና ሁለት ወር አልሞላውም እኮ! (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።) መጨረሻውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ያወቃችሁትን በሰዎቻችሁ አፍ ታስነግራላችሁ። በአርታኢነት በኖርኩበት ዘመን ስለ ጎንደርም ስለ ዓድዋም የተጻፉ ብዙ ረቂቆች በዚሁ በሽታ ሲሞቱ አይቻለሁ። የቻይና ታሪክ ግን ግርግሩ ብዙ ስለሆነ በሽታው ይጠናበታል።

ከፀጉር እንጀምር። ከሰሜን ምሥራቅ የመጣው የማንቹ ጦር በ1644 ቤጂንግን ከያዘ በኋላ፣ በቀጣዩ ዓመት አዲሱ የቺንግ መንግሥት አንድ አዋጅ አወጣ። የሃን፣ ማለትም የአብዛኛው ቻይናዊ ብሔር፣ ወንድ ሁሉ የፊት ፀጉሩን እስከ መሐል አናቱ ይላጭ፣ የኋላውን አሳድጎ ይጎንጉን፤ ቀነ ገደቡም አዋጁ ከደረሰ በኋላ አሥር ቀን ነው የሚል። ራሱን ማትረፍ የፈለገ ፀጉሩን ይስጥ፣ ፀጉሩን የሙጥኝ ያለ ራሱን ይስጥ ተባለ። ሰውነትና ፀጉር ከወላጅ የተገኙ አደራ ናቸው ተብሎ ላደገ ሰው ይህ ቀላል ትእዛዝ አልነበረም። ጂያንግዪን የምትባለው ከተማ አሻፈረኝ ብላ 81 ቀን ከተዋጋች በኋላ ሕዝቧ ተጨፈጨፈ።

ሁለት መቶ ዓመት አለፈ። ጉንጉኑ የገዢ ምልክት መሆኑ ቀረና የአባት ወግ ሆነ። በዚህ መሐል ሆንግ ሽዩቹዋን የሚባል፣ የመንግሥቱን የሹመት ፈተና ደጋግሞ የወደቀ ሰው፣ የኢየሱስ ታናሽ ወንድም ነኝ ብሎ ተነሳ። ተከታዮቹ ታይፒንጎች በ1851 አመጹ፤ በ1853 ናንጂንግን ይዘው መናገሻቸው አደረጓት፤ እስከ 1864ም ቆዩባት። በዚያ ጦርነትና ጦርነቱ ባመጣው ረሃብና በሽታ ያለቀው ሰው ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሚሊዮን ይገመታል። ከእናንተ አንዱ ይህንን ቁጥር በመጀመሪያው ገጽ ላይ አስፍሮታል። አውጣው ልጄ። በገጹ ላይ መኖር ያለበት አንድ ግንባር ነው።

ለምን ግንባር መሰላችሁ? ታይፒንጎች ማንቹን መካዳቸውን የሚያሳዩት የፊት ፀጉራቸውን ባለመላጨት ነበር፤ ስለዚህም «ረጅም ፀጉራሞች» ይባሉ ነበር። እንግዲህ በያንግዜ ወንዝ ዳር ያለ ገበሬ አስቡ። የተላጨ ግንባር ይዞ ታይፒንጎች ቢያገኙት የማንቹ አሽከር ነው። ፀጉር ያበቀለ ግንባር ይዞ የመንግሥት ወታደር ቢያገኘው ሽፍታ ነው። መንደሩ ደግሞ በዓመት ውስጥ ሁለትና ሦስት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ፀጉር በወር የሚያድገው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ጦር ግን በአንድ ሌሊት ይደርሳል።

እኔ ብሆን ዋናውን ሰው የመንደር ፀጉር ላጭ አደርገው ነበር። ከታይፒንጎች ሰፈር ያመለጠ ጎረምሳ ጨለማን ተገን አድርጎ መጥቶ ላጨኝ ይለዋል። ላጩ መብራት ለማብራት ይፈራል፤ በጣቱ እየዳሰሰ ይላጫል። ሲነጋ ግን ጉዱ ይፈላል፤ ፊቱ በፀሐይ የጠቆረው ልጅ ግንባሩ እንደ ሕፃን ገላ ነጥቶ ይታያል። በአፈር ቢያሹት ላብ ያጥበዋል። ፀሐይ ላይ ቢያስቀምጡት ቀናት ይፈልጋል። ያ ልጅ በታይፒንጎች ተገዶ ተወስዶ ከሆነ ደግሞ እንዳያመልጥ ጉንጩ ላይ ተነቅሶም ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ የተደረገባቸው ነበሩና። ላጩ በዚያች ሰዓት «የትኛው መንግሥት ያሸንፋል?» ብሎ የሚያስበው ስለ ታሪክ ተጨንቆ አይደለም፤ ነገ ጠዋት በበሩ የሚያልፈው ወታደር የማን ወገን እንደሆነ ማወቅ ስላለበት ነው። አያውቅም። እናንተም አንባቢውን ቀድማችሁ አትንገሩት።

መሳቅ የፈለገ ጸሐፊ 1917ን ይውሰድ። ሪፐብሊኩ በ1912 ሲመሠረት ወታደሮች መቀስ ይዘው በከተማ በሮች ላይ እየቆሙ የገበሬውን ጉንጉን ይቆርጡ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ዣንግ ሹን የተባለው ጄኔራል፣ የራሱንም የወታደሮቹንም ጉንጉን ያላስቆረጠው፣ ቤጂንግ ገብቶ ከዙፋን የወረደውን የመጨረሻውን ንጉሠ ነገሥት፣ የ11 ዓመቱን ልጅ ፑዪን፣ ዙፋን ላይ መልሶ አስቀመጠው። ጉንጉናቸውን የቆረጡ የድሮ ሹማምንት ከፈረስ ጭራ የተሠራ የውሸት ጉንጉን ፍለጋ ወደ ቲያትር አልባሳት ሠሪዎች ሮጡ። ንግሥናው 12 ቀን ብቻ ቆየ። በሦስተኛው ቀን ጉንጉን የገዛ ሰው ሞኝ አልነበረም፤ አሥራ ሁለተኛውን ቀን አላየውም እንጂ።

ከእኛ ጋር በእውነት የሚገናኝ አንድ ታሪክም አለላችሁ፤ እስካሁን ልብ ወለድ አድርጎ ያመጣልኝ ግን የለም። ጃንሆይ በመስከረም 1964 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በእነርሱ በጥቅምት 1971፣ ቤጂንግ ገብተው ከማኦ ጋር ተገናኝተዋል። በዚያው መስከረም መጀመሪያ፣ በእንቁጣጣሽ ማግስት፣ በፓርቲው ደንብ ላይ ሳይቀር የማኦ ወራሽ ተብሎ ስሙ የሰፈረው ሊን ቢያው ሲሸሽ አውሮፕላኑ ሞንጎሊያ ውስጥ ተከስክሶ ሞቷል። የቻይና ሕዝብ ይህንን ገና አልሰማም። የሚያየው ምልክት ብቻ ነው፤ በእነርሱ አቆጣጠር የጥቅምት 1 የብሔራዊ በዓል ሰልፍ ሳይደረግ ቀረ፣ የአንድ ሰው ፎቶግራፍም ከጋዜጣ ጠፋ። የሊን ቢያው መቅድም ያለባት የማኦ ጥቅሶች ትንሿ ቀይ መጽሐፍ ግን በየሰዉ ኪስ ውስጥ ናት። ከአፍሪካ የመጡ ንጉሠ ነገሥት በማዕከላዊው አደባባይ አጠገብ ሲያልፉ የሚመለከት አንድ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ አስቡ። ሰልፉ የተሰረዘበት አገር እንግዳ ይቀበላል፤ አንድ ነገር እንዳለ ይገባዋል፣ ምን እንደሆነ ግን ጓደኛውን እንኳ መጠየቅ አይችልም። በኋላ ያንን መቅድም ከመጽሐፉ ቅደዱ ሲባል ነው ነገሩ የሚገጣጠምለት። ጃንሆይስ? ሦስት ዓመት ሳይሞላ ምን እንደሚጠብቃቸው እርሳቸውም አያውቁም። ይህንን ግን አንባቢያችሁ ራሱ ያስበው፤ እናንተ አታስታውሱት።

ስለ 1938ቱ የቢጫው ወንዝ ጎርፍ የጻፍሽው ልጄ፣ የአንቺ ረቂቅ ከሁሉም የተሻለ ነው። የያኔው የቻይና መሪ የቺያንግ ካይ ሼክ ጦር የጃፓንን ግስጋሴ ለመግታት ሁዋዩዋንኮው ላይ የወንዙን መከላከያ ክትር በገዛ እጁ ማፍረሱን፣ የሄናን ገበሬዎች በመቶ ሺዎች ማለቃቸውን በሚገባ አጥንተሻል። ግን አያትየዋ ውሃው እግሯ ሥር እንደደረሰ «የራሳችን መንግሥት አጠፋን» ትላለች። ከየት ሰማች? መንግሥት ያኔ የተናገረው ክትሩን የጃፓን አውሮፕላን በቦምብ እንደመታው ነበር። አያትየዋ ጃፓንን ትርገም! እግሮቿ በልጅነቷ እንዳያድጉ በጨርቅ ጠብቀው የታሰሩ ናቸው ብለሽ ጽፈሻል፤ ደግ። ታዲያ እንዴት በአንድ ቀን ያን ሁሉ መንገድ ሄደች? የታሰረ እግር ያላት ሴት ጭቃ ውስጥ የምትራመደውን ርቀት አስልተሽ ምዕራፉን እንደገና አዋቅሪው። ጎረቤቶቿ ከፊቷ እየራቁ ሲሄዱ፣ የልጅ ልጇ ከሁለት አንዱን መምረጥ ሲኖርበት፣ ታሪኩ እዚያ ነው ያለው።

ስለ ሻንግሃይ የዋጋ ንረት አጭር ነገር ልበልና ልለፍ። በነሐሴ 1948 መንግሥት አሮጌውን ገንዘብ ሦስት ሚሊዮኑን በአንድ እየመነዘረ «የወርቅ ዩዋን» የተባለ ወረቀት አወጣ፤ ሕዝቡም ወርቁን፣ ብሩንና የውጭ ምንዛሪውን ለባንክ እንዲያስረክብ አዘዘ። አዲሱ ገንዘብ በጥቂት ወራት ውስጥ ዋጋ አጣ። በረቂቁ ውስጥ ወርቁን ያስረከበው መምህር እንደ ቂል ተሥሏል። እርሱ ግን ሕግ አክባሪ፣ አገሩን የሚወድ፣ ልጆቹን ከእስር ስጋት የሚጠብቅ አባት ነው። ከሚስቱ የሠርግ አምባር ጋር ባንክ ደጃፍ ሲሰለፍ ትክክል ይመስለዋል፤ አንባቢውም ከእርሱ ጋር ሊሰለፍ ይገባል።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ከእናንተ ሁለቱ ወደ ገጠር ስለተላኩት የቻይና ወጣቶች ስትጽፉ የእኛን የእድገት በኅብረት ዘመቻ የቻይና ልብስ አልብሳችሁታል። እኔም ዘማች ነበርኩ፤ ስለዚህ አያልፈኝም። መመሳሰሉ ዓይን ያታልላል፤ የከተማ ተማሪ፣ የጭቃ ቤት፣ መዝሙር፣ ከገበሬ ጋር አለመግባባት። ነገር ግን እኛ ስንሄድ ዘመቻ እንደሚያልቅ እናውቅ ነበር፤ ቤታችን ቤታችን እንደሆነ ቆየን። በታኅሣሥ 1968 ማኦ ካስተላለፈው ጥሪ በኋላ የተላከው የሻንግሃይ ልጅ ግን የከተማ ነዋሪነት መዝገቡ ራሱ ተዛወረ። መዝገቡ ከሌለ ከተማ ውስጥ የእህል ኩፖን የለም፤ ኩፖን ከሌለ ሩዝ መግዛት አይቻልም። የቀበሌ ራሽን የሚያስታውሱ ወላጆች ያላችሁ ጠይቋቸው፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይነግሯችኋል። እንዲህ የተላኩት በጠቅላላው ከ16 ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ መቼ እንደሚመለሱ የነገራቸው አልነበረም።

እስቲ አንዲት ልጅ አስቡ፤ በ17 ዓመቷ ሄዳ ስምንት ዓመት ጠበቀች። በ1976 ተስፋ ቆርጣ የመንደሩን ትራክተር ነጂ አገባች። ጥሩ ሰው ነው፤ ክፉ አድርጋችሁ እንዳትሥሉት። በጥቅምት 1977 በመንደሩ ድምፅ ማጉያ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በዚያው ዓመት መጨረሻ እንደሚሰጥ ይነገራል። በጡቷ ልጅ ይዛለች። በዚያ ፈተና 5.7 ሚሊዮን ያህል ሰው ተቀምጦ ያለፈው 270 ሺህ ያህል ነው። ለመፈተን ትነሳለች? ብታልፍስ ባሏን ምን ታደርገዋለች? ይህ ሁሉ ክብደት የሚኖረው በ1976 ያገባችው ሴት ስለ 1977 ምንም ሳታውቅ ስታገባ ብቻ ነው። እናንተ ግን በሠርጓ ቀን ሰማይ አስለቀሳችሁ፣ ቁራ አስጮሃችሁ። ቁራውን አባሩልኝ። ሠርጉ ደስ ይበል፤ ዶሮ ይታረድ፣ ባልደረቦቿ ይቀኑ።

ደግሞም የራሳችንን አብዮት መጻፍ ፈርታችሁ ቻይናን መጋረጃ አታድርጉ። ስለራሳችን መጻፍ ያለበት በራሳችን ስም ይጻፍ። የባህል አብዮቱን ወጣቶች፣ ቀይ ዘቦቹን፣ ስታነሱ የቀበሌ አብዮት ጥበቃ አስመስላችሁ ካቀረባችኋቸው ለሁለቱም አገር ሙታን አልሆናችሁም።

ጥቃቅን ነገሮች፦ ሰሜኑ ስንዴ በላተኛ ነው፤ የሻንዢን ገበሬ ጠዋት ማታ ሩዝ አታብሉት። የሰሜን ቤት ከሥሩ እሳት የሚነድበት የጡብ መደብ አለው፤ በብርዱ ወራት ቤተሰቡ የሚበላውም የሚተኛውም እዚያ ላይ ነው፣ ብዙ ንግግር እዚያ ላይ ይደረጋል። ከ1912 በፊት ሰው ዓመቱን የሚቆጥረው በነገሠው ንጉሥ ነው፤ 1853 ለገበሬው «የሺያንፌንግ ሦስተኛው ዓመት» ነው እንጂ 1853 አይደለም። በራሱ የዘመን አቆጣጠር የሚኖር አንባቢ ይዛችሁ ይህንን ማስረዳት አይከብዳችሁም።

የሚቀጥለውን ረቂቅ ስትልኩ ሙሉ መጽሐፍ አትላኩ፤ አንድ ምዕራፍ ይበቃል። ከምዕራፉ ጋር አንድ ለብቻው የሆነ ወረቀት አያይዙልኝ። ዋናው ሰው በዚያ ቀን ምን ወሬ እንደደረሰው፣ ከማን አፍ እንደሰማው፣ ከሰማው ውስጥ ሐሰቱ የትኛው እንደሆነ፣ የአንድ ቀን ምግቡ ስንት እንዳወጣ ይጻፍበት። መጽሐፉ ውስጥ አይገባም፤ ለእኔና ለእናንተ ነው። ወረቀቱ ባዶ የሆነበትን ምዕራፍ ሳላነብ እመልሰዋለሁ። ፊደሉንም እባካችሁ ተለቅ አድርጉት፣ ዓይኔ ደክሟል።